ፉርጎ ዝም እስኪል

የከዚራ አስፋልት መዳፍ ሳያቃጥል፣
ገና ጎህ ሲቀድ ነው ጣጣው የሚቀጥል።
ጫማዬን ሳስር ነው ጆሮው የሚቆመው፣
ቁልፉ ሲንሿሿ ነው ዛሩ የሚቀድመው።
ገመዱን ሳነሳ — በቃ፣ ቤቱ ፈርሷል፤
ክንድ የማይሞላ ውሻ መቶ ውሻ ሆኗል፤
ወንበር ላይ፣ ከእግሬ ሥር፣ ደግሞ ከበሩ ላይ፣
ድምፁ፣ ፍሬን ሲያዝ እንደሚጮህ ብረት በሐዲድ ላይ።

ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ፉርጎ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ጣቢያ ሠርቼ፣
የቀሩኝ ቃላት ናቸው፣ ሌላውን በልቼ።
ትርሲት ጅግጅጋ ስትቀየር «ሁለት ወር ብቻ» ብላ
በካርቶን አመጣችው፣ የጥጥ ቁራጭ አስመስላ።
«አባዬ፣ ትንሽ ዘር ነው፣ አያድግም» አለችኝ፤
ጩኸቱ እንደሚያድግ ግን መቼ ነገረችኝ?

ግድግዳ ለግድግዳ ሲስተር ፈቲያ አለች፤
ድል ጮራ ሆስፒታል ሌሊት አድራ ትመጣለች፤
ትራሷን ሳትነካ ፉርጎ ይጀምራል፤
በክርኗ ትመታለች፣ ግድግዳው ይናገራል፦
አንዴ ሲመታ «ኧረ ጋሽ ጎርፉ!» ነው፤
ሁለቴ ሲመታ «ኧረ በፈጠረህ!» ነው፤
ሦስተኛውን አልተረጉመውም።

መጀመሪያ ጮህኩበት። እሱ ምን መሰለው?
«ሽማግሌውም ጀመረ፣ አብረን ነን» ነው ያለው።
ከዚያ ዳቦ ቆረስኩ፤ በላና ቀጠለ፤
ከዚያ አፉን ያዝኩት፤ በአፍንጫው ታገለ።

አንድ ማለዳ ግን ሼፍ ደጋሩ ትዝ አለኝ፣ አቶ ሮብሌ።
የጅቡቲ መንገደኛ በር ላይ ሲጋፋ፣
ሻንጣው፣ ፍየሉ፣ ሕፃኑ አንድ ላይ ሲንጫጫ፣
እሱ ባንዲራውን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይወትፋል፣
አይቆጣም፣ አይለምንም፣ ጫማውን ያያል።
ግፊያው እስኪበርድ።
«ባቡር በጩኸት አይነሳም» ይላል፤ ደግሞ ጫማውን ያያል።

በማግሥቱ ገመዱን ከሚስማሩ አነሳሁ።
ጮኸ። ሰቀልኩት። ተቀመጥኩ። ጫማዬን አየሁ።
ዝም ሲል አወረድኩ፣ ሲጮህ መልሼ ሰቀልኩ፤
አሥራ አራቴ ድረስ፤ ከዚያ ቁጥሩን ተውኩ።
ፀሐይዋ ከረረች። ያን ቀን አልወጣንም።
ግቢው ውስጥ፣ ኒሟ ሥር ሸና። አልተኳረፍንም።

ሰኞ እጄ ሚስማሩን ሲነካ ዝም አለ፤
ማክሰኞ ረሳው፤ ረቡዕ ግማሽ ቻለ።
እኔም ቁልፌን በካልሲ ጠቀለልኩ፤
«ና! ና! እንውጣ!» የሚል ችኩል አፌን ያዝኩ።
ለካስ ከእሱ ቀድሜ የምጮኸው እኔ ነኝ፤
በር በተከፈተ ቁጥር
ባቡር ያመለጠኝ የሚመስለኝ።

ሐሙስ ለታ ገመዱ አንገቱ ላይ ጠቅ አለ።
ዝም።
በሩን ገርበብ አደረግኩ።
ተቀመጠ።
ጅራቱ ሲሚንቶውን ይጠርጋል፤
ጉሮሮው ውስጥ አንዲት ጩኸት ትንከባለላለች፤
ይውጣታል።
ከደቻቱ በኩል የእርጥብ አሸዋ ሽታ መጣ፤
አንድ ባጃጅ አለፈ፤ ድምፅ ከእሱ አልወጣ።
ዓይን ዓይኔን ያየኛል።
ባንዲራ የለኝም፤ ግን ክንዴን ላነሳ ስል፣
ገርበብ ያለው በር ከውጭ ተገፋ።

ሲስተር ፈቲያ። ጋውኗን አላወለቀች፣
አንድ እግሯ በነጠላ ጫማ፣ አንዱ በባዶ፣
ፊቷ ላይ እንቅልፍ ሳይሆን ድንጋጤ፦
«ጋሽ ጎርፉ፣ ደህና ናችሁ? ዝም ስትሉብኝ ጊዜ...
ውሻው ትንፋሽ አለው?»

ፉርጎ ድምጿን ሰማ።
ያን ሁሉ ቀን የዋጠውን በአንድ ጊዜ መለሰላት።

ገመዱን ፈታሁ፣ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩ፤
ወንበር ሳብኩላት።
እኔና እሷ ጫማችንን አየን፤
እሱ እየጮኸ፣ የሁለታችንንም።